የብልቃጥ ዘይትና የቤታችን ተባይ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

ደብረ ብርሃን ውስጥ የኮስሞቲክስ ሱቅ ገብታችሁ ከሆነ አይታችኋቸዋል። ከፀጉር ቅባቱና ከሎሽኑ ጎን የተደረደሩ ትንንሽ ቡናማ ብልቃጦች። የባሕር ዛፍ፣ የናና፣ የላቬንደር፣ የቲ ትሪ፣ የቅርንፉድ ዘይት። ኢሴንሻል ኦይል ይሏቸዋል። ዱሮ ለብጉርና ለፀጉር ነበር የሚፈለጉት። አሁን ለትኋንም፣ ለቁንጫም፣ ለበረሮም፣ ለአይጥም፣ ለሽንት ቤት ሽታም ሆነዋል። ሻጩን ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው። ሦስት አራት ጠብታ ውኃ ውስጥ ጨምራችሁ አልጋው ላይ ንፉት፣ ድራሹ ይጠፋል! ቲክቶክ ላይም ያው ዘፈን ነው።

«ውሸት ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቻል ነበር። ግን ሁሉም ውሸት አይደለም። ዘይቶቹ የሚሠሩት ሥራ አላቸው። ችግሩ፣ የአንድ ሰዓት ሥራቸው የዘለቄታ መፍትሔ ተብሎ መሸጡ ነው። ከዚህም በላይ፣ እናቶቻችን ከእነዚህ ቅጠሎች ጋር አብረው ይሠሩት የነበረው ሌላው ሥራ ብልቃጡ ውስጥ የለም።

ከምን ሸሽተን ነው ወደ ዘይት የመጣነው?

ገዢው ላይ አልፈርድም። ትኋን የገባበት ቤት ውስጥ ያደረ ሰው ያውቀዋል። እንቅልፍ የለም፣ እንግዳ መጥራት ያሳፍራል፣ አከራይና ተከራይ ይወነጃጀላሉ። በዚህ ጭንቀት መሐል ሰው የሚያገኘው አማራጭ ደግሞ ያስፈራል።

አንዱ ማላታይን ነው። ለእርሻ ተብሎ የተሠራ መርዝ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ስምም መጠንም ሳይጻፍበት ይሸጣል። ሌላው የነቀዝ ኪኒን ነው። ይኼኛው ከሁሉም ይከፋል። ኪኒኑ አልሙኒየም ፎስፋይድ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ለጋዙ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ፍራሽ ሥር አስቀምጦ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው ትኋኑን ቀርቶ ራሱንና ልጆቹን ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በካናዳ አልበርታ ግዛት ይኸው ደርሷል። ቤተሰቡ ለትኋን ብሎ ኪኒኑን ቤት ውስጥ አስቀመጠ፤ ሕፃናት ሞቱ። የነቀዝ ኪኒን ለእህል ጎተራ ነው፤ ያውም ሰው ከሚያድርበት ለተለየ ጎተራ። መኝታ ቤት ድርሽ ማለት የለበትም።

ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥሩ የሚሸት ብልቃጥ ብንመርጥ ምን ይገርማል? ምርጫው መጥፎ አልነበረም። ውጤቱ ላይ ያለን ግምት ነው የተጋነነው።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ዘይቱ የሚወጣው ቅጠሉን በእንፋሎት በማንጠር ነው፤ አረቄ ከሚወጣበት መንገድ ብዙም አይርቅም። ከመቶ ኪሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው አንድ ሁለት ኪሎ ዘይት ቢሆን ነው። ስለዚህ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ዘይት ከቀጠፍነው ቅጠል እጅግ ይበረታል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ነጭ ባሕር ዛፍ ዛሬ የደብረ ብርሃንን ዙሪያ አልብሶታል። ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠንበት ያ ኃይለኛ ሽታ ሲኒዮል ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። የጣርማ በርና የመንዝ ጦስኝ ደግሞ ታይሞልና ካርቫክሮል አለው። እነዚህ ሁለቱ ጀርምንም ነፍሳትንም የሚጎዱ መሆናቸው የታወቀ ነው።

ነፍሳቱ ላይ የሚሆነው ይኼ ነው። ዘይቱ በቀጥታ ካረፈበት ነርቩን ያውከዋል፤ ሊገድለውም ይችላል። ሽታው ብቻ ከደረሰው ይሸሻል። ከዚያ ዘይቱ ይተናል፤ ሥራውም አብሮ ያበቃል። መትነኑ እኮ ነው እንዲሸት የሚያደርገው! እየሸተተ የሚቆይ፣ እየቆየ የሚገድል ዘይት መጠበቅ ከተፈጥሮው ውጭ ነው።

ትኋን፦ ነገሩ የሚለይበት

የስልካችሁን ባትሪ አብሩና የእንጨት አልጋችሁን መጋጠሚያ እዩት። ምስማሩ የገባበትን፣ ርብራቡ ጎን ለጎን የተጋደመበትን። መጀመሪያ የምታዩት ትኋኑን አይደለም። በእስክርቢቶ ጫፍ የተነካካ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ነው፤ ኩሱ ነው። ጠጋ ስትሉ ከነጭ ጤፍ ቅንጣት የማይበልጥ፣ እንጨቱ ላይ የተጣበቀ ነገር አለ። እንቁላሉ ነው። ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ አይሸሽም፣ አይሸተውም።

ዘይት የተነፋበት ትኋን ግን ይሸሻል። ወዴት? ወደ ግድግዳው ስንጥቅ፣ ወደ መደቡ፣ ከሥዕሉ ጀርባ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ቀዳዳ። ብሶ ወደ ጎረቤት ክፍል። አንድ ግድግዳ የሚጋሩ የኪራይ ቤቶች ባሉበት ግቢ፣ የአንዱ መፍትሔ የሌላው ጣጣ ይሆናል።

አሜሪካ ውስጥ የረትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት አለ። «ተፈጥሯዊ» ተብለው ለትኋን የሚሸጡ 11 ምርቶችን ፈተሹ። ዘጠኙ ከዕፅዋት ዘይት የተሠሩ፣ ሁለቱ የሳሙና ዓይነት ናቸው። በላቦራቶሪ፣ ትኋኑ ላይ በቀጥታ ተነፍተው፣ ከ90 በመቶ በላይ መግደል የቻሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እንቁላሉን በደንብ የገደለው ደግሞ አንዱ ብቻ። ልብ በሉ፣ እነዚህ በፋብሪካ ተመጥነው የተቀመሙ ናቸው። በሃይላንድ ውኃ ላይ የተንጠባጠበ ሦስት ጠብታ አይደሉም። ዘይትና ውኃ እንደሁ አይዋሃዱም፤ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፣ መጀመሪያ የሚነፋው ባዶ ውኃ ነው።

ታዲያ ምን ይሠራል? ሙቀት። ትኋንም እንቁላሉም 50 ዲግሪ ውስጥ ከቆዩ ይሞታሉ። እኛ ደጋ ላይ ነን፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ ማለትም 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለትኋን ይበቃና ይተርፋል። አንሶላና ልብስ ይቀቀላል፤ የአልጋው መጋጠሚያ ይፈታና የፈላ ውኃ ይፈስበታል። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማውጣት ግን በእኛ አየር ብዙም አይረዳም። ላዩ ሞቅ ሲል ትኋኑ ወደ ጥላው ጎን ይዞራል፤ ውስጡ እንደቀዘቀዘ ነው። ስንጥቁ በጭቃ ወይም በጂብሰም ይደፈናል። ከዚያ ሥራው ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይደገማል፤ ያመለጠው እንቁላል እስከዚያ ይፈለፈላላ። ቅዝቃዜው መፈልፈሉን ስለሚያዘገየው፣ ከዚያም በኋላ ሌላ ዙር አይጎዳም። ትልልቁ ትኋን ያለ ደም ወራት መቆየት ይችላል፤ ስለዚህ ክፍሉን ለጥቂት ሳምንት ዘግቶ መሄድም መፍትሔ አይሆንም።

ቁንጫና የእናቶች ዘዴ

ቁንጫ ላይ ዘይት የሚሸነፈው በሌላ ምክንያት ነው። እግራችንን የሚነክሰው ትልቁ ቁንጫ የጠቅላላው ጥቂቱ ነው። እንቁላሉ ከውሻው፣ ከድመቱ፣ ከአጎዛው ላይ ይረግፋል። ትሉ ወለሉ ላይ ባለው አቧራና ስንጥቅ ውስጥ ያድጋል። ከዚያ እንደ ሐር ትል ራሱን ጠቅልሎ ይተኛል። ሰው ሲረግጥ ንዝረቱን ሰምቶ ይወጣል። ለዚህ ነው ተዘግቶ የከረመ ቤት ስትገቡ ቁንጫው በአንድ ጊዜ የሚወርራችሁ። ክፍሉን በላቬንደር ብታጥኑት፣ ተጠቅልሎ የተኛው ምንም አይመስለው።

እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ እናቶች ዘዴ ሲታይ ይገርመኛል። ጥንጁት ያጨሳሉ። ወይራ ያጨሳሉ። ቀበሪቾ ያጨሳሉ። እኛም «ቅጠሉ ነው የሠራው» ብለን አስበን ቅጠሉን በብልቃጥ እንፈልጋለን። ግን ያጨሱት ቤት መጀመሪያ ምን ተደረገ? ቁርበቱና አጎዛው ወጥቶ ተራገፈ። ቤቱ ጥግ ጥጉ ሳይቀር ተጠረገ። ወለሉ በእበት ተለቀለቀ፤ ልቅለቃው አቧራውንና ስንጥቁን፣ ከነትሉና ከነእንቁላሉ ደፈነው። ጭሱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የቀረውን ሊያባርር፣ ቤቱንም ሊያሸት። ጋን እንኳ በግራዋ ሳይታጠብ በጥንጁት አይታጠንም። ሳይታጠብ የታጠነ ጋን ጠላውን ያበላሸዋል፤ የቤት እመቤት ሁሉ የምታውቀው ነው።

ጭሱ ራሱ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት የሽቶ ባሕር ዛፍን፣ የዳማከሴን፣ የወይራንና የጥንጁትን ጭስ የወባ ትንኝ ላይ ሞክሮ እንደሚያርቃት አሳይቷል። ግን ጭስ ጭስ ነው፤ በኩበት ለሚያበስል ቤት ሳንባ ላይ ተጨማሪ ሸክም ነው። ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ባለበት ክፍል ባይደረግ ይሻላል።

ለቁንጫ አንድ ርካሽ ዘዴ ልጨምር። ማታ ዝርግ ሳህን ላይ ውኃ ሙሉና ቁንጥር ኦሞ በጥብጡበት፤ ዝቅ ያለ መብራት ሥር አስቀምጡት። ቁንጫ ወደ ብርሃንና ሙቀት ይዘላል፤ ሳሙና ያለው ውኃ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ጠዋት ስትቆጥሩት ወለሉ ምን ያህል እንደተወረረ ትረዳላችሁ። ቁንጫውን ባይጨርሰውም፣ መጥረጉና ማጠቡ ለውጥ እያመጣ መሆኑን በዚያ መከታተል ይቻላል።

ብል፣ በረሮ፣ አይጥ፣ ነቀዝ

የመንዝ ባናና ዝተት ያለው ሰው ጠላቱ ብል ነው። ሱፉን የሚበላው የምትበረው የእሳት ራት መሳይ አይደለችም፤ ትሏ ነው። የላቬንደር ዘይት የነካው ጥጥ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ በራሪዋን ቅር ያሰኛት ይሆናል። ሱፉ ውስጥ ያለው ትል ግን መብላቱን አያቆምም። ትሉ ላብና ቅባት የነካውን ቦታ ይመርጣል፤ ስለዚህ አጥቦ፣ አራግፎና ቦርሾ፣ በደንብ አድርቆ በፌስታል አሽጎ ማስቀመጥ ይበልጣል። ብዙ ሰው ናፍታሊን ይጠቀማል። እሱ ይሠራል፤ ግን ለሕፃን መጥፎ ነው። ናፍታሊን የዋለበት ብርድ ልብስ ሳይናፈስ አራስ ልጅ ባይለብሰው ይመረጣል፤ የአንዳንድ ሕፃናትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል።

በረሮ ከናና ሽታ ይርቃል፤ ርቦት ከሆነ ይመለሳል። ማታ ዕቃ ሳይታጠብ የሚያድርበት ማዕድ ቤት ውስጥ ዘይት መርጨት ገንዘብ መድፋት ነው። አይጥ ላይ ደግሞ ተስፋ አታድርጉ። ስድስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ካገኘች የቤት አይጥ ትገባለች፤ መድፈን ነው፤ በብረት ሽቦና በሲሚንቶ።

ነቀዝን በተመለከተ ጤፍ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ቅንጣቷ ትንሽ ስለሆነች ነቀዝ አያድግባትም። ለስንዴ፣ ለገብስና ለማሽላ ግን አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ከዘይትም ከኪኒንም ይበልጣል። በደንብ የደረቀ እህል ተሞልቶ ከታሰረ ውስጥ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ያልቃል።

ጣርማ በርን ስንወርድ

እስካሁን ያወራሁት ደጋው ላይ ስላለው ነው፤ ማሳከክ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የተበላ ብርድ ልብስ። ጣርማ በርን አልፈን ደብረ ሲና፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከ1,300 ሜትር በታች እንወርዳለን። እዚያ በዘይት ላይ የሚሠራ ስሕተት ወባ ያስይዛል።

ጉዳዩ ደግሞ አሁን ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን አሳውቋል። በዚህ ጊዜ «ሲትሮኔላ ስለተቀባሁ አጎበር አያስፈልገኝም» ማለት ቁማር ነው። ሲትሮኔላ የጠጅ ሳር ዘመድ ናት፤ ትንኝ ታርቃለች፤ ግን አንድ ሁለት ሰዓት ብትቆይ ነው። ትንኟ ሌሊቱን ሙሉ ናት።

አንድ ለየት ያለ ዘይት አለ። ከሽቶ ባሕር ዛፍ የሚሠራና ፒኤምዲ የሚባል ንጥረ ነገሩ እንዲበዛ ተደርጎ የተዘጋጀ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከሚመክራቸው የትንኝ መከላከያዎች መካከል ነው፤ ለሰዓታት ይቆያል። ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግን አይደረግም። ችግሩ፣ ከዚያው ዛፍ በቀጥታ የተነጠረው ተራ ዘይት እሱ አይደለም። ስማቸው ይመሳሰላል፤ ፒኤምዲው ግን ጥሬው ዘይት ውስጥ በጣም ትንሽ ነው። ብልቃጡ ላይ ፒኤምዲ የሚል ካልተጻፈ በትንኝ መከላከያነት አትመኑት።

ማታ አጎበር፤ ትኩሳት ሲመጣ በዚያው ቀን ምርመራ። ውኃ የሚጠራቀምበትን በርሜልና ታንከር መክደንም አይረሳ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አዲሷ የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ የምትራባው በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው።

ሽታውስ?

ሽታ ላይ ዘይት ትንሽ የተሻለ ስም አለው፤ ቢያንስ ቃል የገባውን ሽታ ይሰጣል። ያም ሆኖ መጥፎውን ሽታ አያነሳውም፤ ይደርብበታል። አፍንጫችን ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ይለምዳል። ሽታው የጠፋ ይመስለናል። እንግዳ ሲገባ ላቬንደርና ሻጋታ አንድ ላይ ይሸተዋል።

ደብረ ብርሃን ክረምቱ ረዥምና እርጥብ ነው። ቁም ሣጥን ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከቆመ ጀርባው ይሻግታል። አንድ ስንዝር ማራቅ፣ ቀን ፀሐይ ስትወጣ መስኮት መክፈት፣ የሻገተውን በሳሙና ማጠብና ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ ደስ ካላችሁ የጦስኝ ጠብታ። መታጠቢያ ቤቱ ሳይታሰብ ሲሸት ደግሞ መጀመሪያ የወለሉን ሲፎን፣ ማለትም የውኃ መውረጃውን እዩ። ብዙ ጊዜ ያልተጠቀማችሁበት ሲፎን ውኃው ስለደረቀ የፍሳሹ ሽታ ወደ ላይ ይመጣል። አንድ ጆግ ውኃ ስታፈሱበት ያበቃል። ጉድጓድ ሽንት ቤት ላይ አመድ መነስነስ የቆየ ዘዴ ነው፤ ያደርቀዋል፣ ዝንቡንም ይቀንሳል። በረኪና ላይ ግን አቼቶ አትጨምሩ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው።

ማን ነው የሚቆጣጠረው?

በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ አለ፤ ቁጥር 674/2002። ፀረ ተባይ ተብሎ የሚሸጥ ነገር ቀድሞ መመዝገብ አለበት ይላል። ብልቃጡ ግን የሚገባው መዋቢያ ወይም መዓዛ ሆኖ ነው። «ትኋን ይገድላል» የሚለው ብልቃጡ ላይ አልተጻፈም፤ ሻጩ አፍ ላይ ነው ያለው። አፍ ደግሞ አይመዘገብም።

ውጭ አገር ተፈትኖ ነው የመጣ የሚል ክርክርም እሰማለሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የናና፣ የቅርንፉድ፣ የጠጅ ሳር፣ የጦስኝና የመሳሰሉትን ዘይቶች የያዙ ምርቶችን «አደጋቸው አነስተኛ ነው» በሚል ከፌዴራል ምዝገባ ነፃ አድርጋለች። ይህ ማለት ለመሥራታቸው ማረጋገጫ የሰጠ የለም ማለት ነው። እዚያ መሸጡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ስትገዙ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም በላቲን መጻፉን እዩ። «ሽቶ ዘይት» ወይም «ፍራግራንስ» የሚል ከሆነ ከቅጠል ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሰው ሠራሽ ሽታ ሊሆን ይችላል፤ ተባይ ላይ ምንም አትጠብቁበት።

«ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ሰው ተፈጥሯዊ ሲባል መስኮት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ልጅ እጅ በሚደርስበት። አንድ የሻይ ማንኪያ የባሕር ዛፍ ዘይት ትንሽ ልጅ ከጠጣ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያፈዝዘው፣ ሊያስታውከው፣ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ከዚያ ያነሰም ጎድቷል። ለጉንፋን በሚቀባ ቅባት ውስጥ የሚገኘው ካምፎርም እንዲሁ ነው። ጉንፋን የያዘው ሕፃን አፍንጫ ሥር መቀባትም ትንፋሽ ሊያስይዘው ይችላል።

ድመት ያለው ሰው ይጠንቀቅ። የድመት ጉበት እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ማስወገድ ይቸግረዋል፤ ለቁንጫ ብሎ ቲ ትሪ መቀባት ድመቷን ሊገድል ይችላል። ዘይቱ እሳትም ይወዳል። ከሰል የተያያዘበት ምድጃ፣ ሻማ ወይም የዕጣን ማጨሻ አጠገብ አትርጩት። ቆዳ ላይ ያለ ማቅጠኛ አይቀባም፤ የቅርንፉዱ በተለይ ያቃጥላል።

ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ ጣት ከትቶ ማስታወክ አይገባም፤ ወተትም ዘይትም መጋት አይገባም። ሲያስታውክ ዘይቱ ሳንባ ውስጥ ከገባ የባሰ ይጎዳዋል። ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ብልቃጡንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ የቱ ዘይት እንደሆነና ስንት እንደጎደለ እንዲያይ።